በልጅነት የተሠራ ግድግዳ፦ የኦሊቭ ሽራይነርን “ወታደር ፒተር ሃልኬት” ስናነብ

በ1897 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ስለ እንግሊዝ ግዛት የሚናገሩ ሁለት ጽሑፎች ታተሙ። አንዱ ሩድያርድ ኪፕሊንግ ለንግሥት ቪክቶሪያ 60ኛ የንግሥና በዓል የጻፈው “ሪሴሽናል” የተሰኘ ግጥም ነው፤ ኋላ በመዝሙር መጻሕፍት ገብቶ በአብያተ ክርስቲያናት ተዘምሯል። ሌላው የኦሊቭ ሽራይነር አጭር ልብ ወለድ ነው። ኪፕሊንግ በቦምቤይ ተወልዶ እስከ አምስት ዓመቱ በዚያ ያደገ፣ ሁለቱም አያቶቹ የሜቶዲስት አገልጋዮች የነበሩ ሰው ነው። ሽራይነር በ1855 በደቡብ አፍሪካ በሚሲዮን ጣቢያ ከሚሲዮናዊ አባት ተወለደች። ከሁለት ዓመት በኋላ የቦር ጦርነት ሲነሣ ኪፕሊንግ ደገፈው፤ ሽራይነር ተቃወመችው።

ውድ አንባቢ፣ ምናልባት የሽራይነር ቤት የተሻለ ቤት ነበረ ትሉ ይሆናል። አልነበረም። ከሞተች በኋላ በ1923 በታተሙት ስለ ደቡብ አፍሪካ ባሰፈረቻቸው ጽሑፎች ልጅነቷን ሳትሸፋፍን ትነግረናለች። አንዲት የቦር ልጅ የሰጠቻትን ስኳር ተጸይፋ ጥላዋለች። ንግሥት ቪክቶሪያ ብሆን ብላ ስታልም ደግሞ ጥቁሮችን ሁሉ ሰብስባ ወደ ሰሃራ ትሰድዳለች፤ እንዳይመለሱም በአፍሪካ ላይ ግድግዳ ትሠራለች። ልብ በሉ፤ አባቷ ወንጌል የሚሰብክላቸውን ሰዎች ነው በሕልሟ ከግድግዳው ወዲያ የጣለችው። እንዲህ ያለውን ነገር ልጅ በሰንበት ትምህርት አይማረውም። ማን በየትኛው በር እንደሚገባ፣ ማን በስሙ እንደሚጠራ እያየ ይይዘዋል እንጂ።

ልብ ወለዱ ከዚህ ሕልም ጋር የሚደረግ ትግል ሆኖ ይነበበኛል። ፒተር በሴሲል ሮድስ ኩባንያ ሥር በማሾናላንድ የሚዋጋ ወጣት ነው። አንድ ሌሊት ከጓዶቹ ተለይቶ በኮረብታ ላይ እሳት አንድዶ ሳለ፣ በእጆቹና በእግሮቹ ጠባሳ ያለበት አይሁዳዊ እንግዳ ይመጣል። ፒተር አላወቀውም። ስለ ተቃጠሉ መንደሮች፣ በሴቶች ላይ ስላደረገው ሁሉ እንደ ተራ ወሬ ያወራለታል። የመጽሐፉ ብርታት እዚህ ላይ ነው። ፒተር አውሬ አይደለም፤ እናቱን የሚናፍቅ፣ ሀብታም ሆኖ መመለስ የሚመኝ ልጅ ነው። የሚያደርገውን ክፉ ብሎ የጠራለት ሰው ብቻ ነው ያልነበረው። በመጨረሻ አንድ የታሰረ ጥቁር ሰው ፈትቶ ያስመልጣል፤ በዚያው ሌሊት በጥይት ይሞታል።

ድካምም አለበት። እንግዳው ንግግሩን ያስረዝማል፤ ሰባኪዎች ስለሆንን ይህን ድካም ከሩቅ እናውቀዋለን። የሚከብደው ግን ያ የታሰረው ሰው ስም የሌለው መሆኑ ነው። ደራሲዋ ግድግዳውን ብትነቀንቀውም በወዲያኛው በኩል ያለው ሰው ገና ፊቱ አልታያትም። በቦር ጦርነት ጊዜም ድምፅዋ በዋናነት ለቦሮች ነበር። እንግሊዞች ባቆሟቸው የማጎሪያ ሰፈሮች ከ26 ሺህ የማያንሱ የቦር ሴቶችና ሕፃናት ሞተዋል፤ ጥቁሮች በታጎሩባቸውም ከ14 ሺህ የማያንሱ ሰዎች አልቀዋል፤ እነዚህን ግን ዓለም ለረጅም ጊዜ አላነሣቸውም። ሽራይነር ለጥቁሮች የዜግነት መብት በግልጽ የተከራከረችበት ጽሑፍ የታተመው በ1909 ነው። አስተዳደግ በአንድ ሌሊት አይለቅም፤ የፒተር መለወጥ በዚህ ረገድ ከደራሲዋ ሕይወት ይልቅ ፈጣን ነው።

ለእኛ የሚያስቸግረን ሌላ ነው። ሽራይነር ገና በወጣትነቷ የወላጆቿን እምነት ትታለች። ሆኖም ክርስቶስን ከወራሪው ጦር ሰፈር ውጭ ያየችው እሷ ናት። የኪፕሊንግ ግጥም ደግሞ በኦሪት ዘዳግም ቃና ግዛቱን ከትዕቢት ያስጠነቅቃል፤ ነገር ግን ሌሎችን ሕዝቦች ሕግ የማያውቁ አድርጎ ከበታች ያኖራል። ኤፌሶን 2፥14ን የሚያውቁ ጉባኤዎች ይህን ሲዘምሩ ኖሩ። ሽራይነር አመነች ወይስ ካደች ብለን ብቻ ብንመዝናት፣ የዘመሩት ሰዎች ምን እንዳልሰሙ ሳንጠይቅ እናልፋለን።

መጽሐፉን የምትፈልጉ ከሆነ እትሙን አጣሩ። በመጀመሪያው እትም መግቢያ ላይ ሦስት ጥቁሮች በዛፍ ተሰቅለው፣ ነጮች በዙሪያቸው ቆመው የሚያሳይ ፎቶግራፍ ነበረ። ከዚያ በኋላ በወጡ እትሞች ለብዙ ዓመታት ተነሥቷል።