በር የሌለውን ማን ያንኳኳለታል?

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ በር የሌለው ሰው በሩ እንዴት ይንኳኳል?

ቀልድ አይደለም። የጤና ኤክስቴንሽን በ1995 ዓ.ም. በገጠር ተጀምሮ በ2002 ዓ.ም. ገደማ ወደ ከተማ ሲገባ፣ መሠረቱ የቤት ለቤት ጉብኝት ነበር። ለከተማው የተመለመሉት ነርሶች ናቸው፤ ለአንዷ 500 ያህል አባወራ እንድትይዝ ታሰበ። ነርሷ በር ታንኳኳለች፣ ክትባቱን ትጠይቃለች፣ ነፍሰ ጡሯን ትከታተላለች። ሥራው ብዙ እናትና ሕፃን አትርፏል፤ ላጣጥለው አልተነሣሁም።

ግን እንጅባራን ተመልከቱ። ከ2,500 ሜትር በላይ የተቀመጠች ደጋ ናት፤ ኮሶበር ስንላት ጀምሮ ብርዷ አያሾፍም። ሲመሽ መናኸሪያው አካባቢ ዞር ያለ ሰው፣ ማዳበሪያ ለብሶ የሚተኛውን አያጣውም። ይኼ በረንዳ አዳሪ የማን አባወራ ነው? በመመሪያ ላይ ቢጠቀስ እንኳ፣ ሥራ በቤት ቁጥር ሲለካ እሱ ከቁጥር ይወድቃል። የጤና መድኑም በአባወራ ነው። ለድሃ መንግሥት ይከፍላል እንበል፤ ድሃ መሆኑን የሚመሰክርለት ግን ቀበሌና ጎረቤት ነው። እሱ ደግሞ ሁለቱም የሉትም!

ሳንባ ነቀርሳ ቢይዘውስ? መድኃኒቱ ቢያንስ 6 ወር ይወሰዳል። ካቋረጠ በሽታው መድኃኒቱን ይለምዳል፤ ሳሉም በረንዳው ላይ አይቀርም፣ ባለቤት ነኝ ባዩም ጋ ይገባል።

በአሜሪካ፣ ቦስተን፣ የቤት አልባዎች የጤና ፕሮግራም በ1985 እ.ኤ.አ. ሲጀመር፣ ወጣቱ ዶክተር ጂም ኦኮነል ሊያክሙ መጠለያ ገቡ። ነርስ ባርባራ ማኪኒስ ግን ማዳመጫውን አስቀምጠው የቤት አልባዎቹን እግር እንዲያጥቡ አደረጓቸው። መጀመሪያ መተማመን፣ ሕክምናው ከዚያ ነው። ይገርማል! እግር አጥቦ እንግዳ ማሳደር የኛ ወግ አልነበረም እንዴ?

ነርስ ቤት አትሠራም፤ ቤት የመስጠት ኃላፊነትም በእሷ ጫንቃ አይጣልም። ግን ታማሚውን በስሙ የምታውቅ፣ መድኃኒቱን ሲውጥ የምታይ፣ ቀበሌ ሄዳ «ይህ ሰው የኛ ነው» ብላ የምትመሰክር እሷ ልትሆን ትችላለች። ለዚህም መናኸሪያውና የቤተ ክርስቲያኑ ደጅ እንደ አንድ መንደር ይመደብላት፤ ምስክርነቷም ለመድኑ ይብቃ። ያለዚያ «ቤት ለቤት» የምንለው፣ ቤት ላለው ብቻ ማለት ይሆናል።