ሁለት ስንኝ፣ አንድ ጭራ

መሰንቆ ያለው አንድ ጭራ ነው። የተመረጠ የፈረስ ጭራ ተሰብስቦ፣ ቆዳ ከለበሰው ሳጥን ግርጌ ተነስቶ አንገቱ ጫፍ ላይ እስካለው መቃኛ ድረስ ይወጠራል። ደጋኑም የሚወጠረው በፈረስ ጭራ ነው፤ ሙጫ ካልተቀባ ጭራ በጭራ ላይ ሲመላለስ ቢውልም ድምፅ አይወጣውም። ጊታር የያዘ ሰው ጣቱን የሚያሳርፍበት የተከፋፈለ አንገት አለው። ክራር የያዘ ሰው አውታሮቹን አስቀድሞ በቅኝቱ አስተካክሎ ይቀመጣል። መሰንቆ ላይ ግን ምንም ምልክት የለም። ጣት ጭራውን ከእንጨቱ ጋር አያጣብቀውም፤ ከጎኑ ነካ ያደርገዋል እንጂ። ጣቱ ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ካለ ትዝታው ትዝታ፣ ባቲውም ባቲ መሆኑ ይቀራል። ቦታውን የሚያውቀው ጆሮ ብቻ ነው።

ክረምት ሲገባ ደግሞ ቆዳው ይረግባል። ከጨዋታ በፊት ከሰል ዳር ጠጋ አድርጎ ማሞቅ፣ በጣት እየነኩ መወጠሩን ማዳመጥ፣ ከዚያ ጭራውን ለዘፋኙ ድምፅ መቃኘት ያስፈልጋል። መሰንቆ ሁልጊዜ የሚመለስበት አንድ የተወሰነ ድምፅ የለውም፤ ዛሬ ለሚዘፍነው ሰው ጉሮሮ ይቃኛል፣ ነገ ለሌላው። ይህን ሙያ የወደድኩበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። መሣሪያው ራሱ ሰው ይጠብቃል።

ቤተሰቦቼ ግን አልወደዱትም ነበር። ሠርግ ላይ አዝማሪ ሲመጣ እናቴ ከሁሉ ቀድማ እስክስታ የምትወርድ ሰው ናት፤ እኔ መሰንቆ ልማር ስል ግን «አዝማሪ ልትሆን ነው ያሳደግሁህ?» አለችኝ። በአገራችን አዝማሪን ግጥሙን እየወደዱ ዘሩን የመናቅ የቆየ ልማድ አለ። ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት መሰንቆን ከፒያኖና ከቫዮሊን ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ማስተማሩ ብዙ ወላጆችን ያለዘበ ይመስለኛል። እኔ የተማርኩት ግን እዚያ አይደለም። ያስተማሩኝ ከጎንደር አካባቢ ከአዝማሪ ቤተሰብ የተወለዱ አንድ ሽማግሌ ናቸው። እናቴ የተሸነፈችውም በእሳቸው ነው። ቤታችን መጥተው ቡና ሲጠጡ ስለ ሙዚቃ አንድም ቃል አልተነፈሱም፤ እሷ የምትነግራቸውን ብቻ ሲያዳምጡ አመሹ። ሲሄዱ «ጨዋ ሰው ናቸው» አለች።

መምህሬ ደጋን አያያዝ ላይ ብዙም አይደክሙም። «አንተ ልጅ፣ እጅህ ይሮጣል፤ ጆሮህ የት ቀረ?» ይሉኛል። እጄ የሚሮጠው ቀጥሎ ምን እንደምጫወት እያሰብኩ ስለሆነ ነው። በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ ያለን ሰዎች ብዙዎቻችን እንዲህ ነን፤ ገና ያልደረስንበት ቦታ ላይ ሆነን ነው የምንኖረው። የእሳቸው ልምምድ ይህን ይቃወማል። እሳቸው አንድ ዜማ ያንጎራጉራሉ፣ እኔ መልሼ እጫወተዋለሁ፤ ሳላስጌጥ፣ ሳልጨምር፣ እሳቸው የተነፈሱበት ቦታ ላይ ደጋኑን እያሳረፍኩ። ማስጌጡ ኋላ የሚመጣ ነው። ሰው ያለውን ሳያጎድሉ መመለስ ከማስጌጥ ይከብዳል።

ትልቁ ፈተና ግን ግጥም መቀበል ነው። አዝማሪ ቤት የገባ ሰው ሥርዓቱን ያውቀዋል። ከታዳሚው አንዱ «ተቀበል!» ይላል፤ አዝማሪው ድምፁን ይገታል፤ መሰንቆው ግን አይቆምም። ደጋኑ ቀለል ብሎ ዜማውን ይዞ ይቆያል፣ ሰጪው የመጀመሪያውን ስንኝ ይላል፣ አዝማሪው ይመልሰዋል፣ ሁለተኛውን ይላል፣ ያም ይመለሳል። ቤቱ ሰምና ወርቁ ሲገባው ያጨበጭባል ወይም ይስቃል። ከውጭ ሲያዩት ቀላል ነው። ከውስጥ ግን እጅ እየመታ ጆሮ ሌላ ሥራ ላይ ነው፤ በጫጫታ መካከል፣ ምናልባትም አንደበቱ ከተሳሰረ ሰው አፍ፣ የግጥሙን ቤት መምቻ ሳይስቱ መያዝ አለ። ተቀባዩ በዚያች ቅጽበት የራሱን ግጥም ማሰብ ከጀመረ አለቀለት፤ ስንኙ ተሰብሮ ይወጣል። ሰጪው ፊት ላይ የሚታየው ቅሬታም ቀላል አይደለም። ሰው በሕዝብ ፊት ያወጣው ቃል ተጣሞ ሲመለስለት እንደተናቀ ይቆጥረዋል፤ እውነቱን ነው።

አንድ ምሽት ያየሁትን ልንገራችሁ። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የአዲስ አበባው ካዛንችስ ሲፈርስ፣ በአዝማሪ ቤቶቹ የታወቀው ያ ሰፈር ሰዉን ወደ ከተማዋ ዳር ዳር በተነ። ከዚያ በኋላ ባለ አንድ ምሽት መምህሬን አጅቤ ሌላ ሰፈር ወዳለ ጠባብ ቤት ሄድኩ። የቀድሞ የካዛንችስ ሰዎች ጥግ ይዘው ተቀምጠዋል። አንድ ጎልማሳ እንዲህ ሲል ሰጠ፤

ቤቱማ ሰፊ ነው ወለሉም ያበራል፤
አቦል ደርሷል ብሎ ማን ከደጅ ይጣራል?

መምህሬ ተቀበሉ፤ ሁለተኛውን ስንኝ ሲደግሙት ከጥግ በኩል ሴቶች ዓይናቸውን ጠረጉ። ጭብጨባው ሳያባራ ከወዲያኛው ጠረጴዛ አንዲት ወጣት፣ የዚያው ሰፈር ልጅ፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ መለሰች፤

ጣራው ለከረመ እያፈሰሰበት፣
ደረቅ ወለል ማየት ምን ሐዘን አለበት?

ቤቱ ለአፍታ ፀጥ አለ። መምህሬ ግን የልጅቷንም ስንኝ ተቀበሉ፤ በዚያው ቅኝት፣ በዚያው አካሄድ፣ በዚያው ክብር። ደጋኑ ለአንዱ ጠንክሮ ለሌላው አልላላም። ከዚያ ሰውዬው ወደ ልጅቷ ዞሮ «ጣራሽን መቼ ነው ያላየሁልሽ?» አላት፤ አዎ፣ አንድ ክረምት ላስቲክ ያለበሰላቸው እሱ ነበር። ክርክሩ እስከ እኩለ ሌሊት ቀጠለ፤ ሁለቱም ግን ቃላቸው ሳይጎድል በአንድ አፍ ሲዘፈን ሰምተው ስለነበር አንዱ የሌላውን ሐዘን ሊክድ አልቻለም። ስለ ከተማ መፍረስና መታደስ በሬዲዮም በታክሲም ብዙ ሰምቻለሁ፤ ሁለቱንም ወገን እንዲህ ያስተናገደ ግን አላጋጠመኝም።

አዝማሪ ሁሉ እንዲህ ነው ማለቴ አይደለም። ግንባሩ ላይ ብር ለለጠፈለት ብቻ የሚያሞግስ አለ፤ ባለጠጋ ሲገባ ዜማ የሚቀይር አለ። ይህ ሙያውን ከውስጥ ይበላዋል ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም የአዝማሪ አፍ ዋጋ ያገኘው ገንዘብ የሌለውም ሰው ስንኝ ስለሚያልፍበት ነው። ሥልጣን ላይ ያሉ ሰዎች ይህን ሳይረዱ ቀርተው አያውቁም። በ1927 ዓ.ም. የጣሊያን ወረራ ሲያንዣብብ የአገር ፍቅር ማኅበር ተቋቁሞ ምኒልክ አደባባይ ላይ ሕዝቡን በንግግርና በዘፈን ያነሳሳ ነበር። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. እልቂት በኋላ ደግሞ የጣሊያኑ ገዢ ግራዚያኒ አዝማሪዎችን፣ ጠንቋዮችንና ትንቢት ተናጋሪዎችን እየያዙ እንዲገድሉ ማዘዙን ለሮም በቴሌግራም አስታወቀ። ወሬ ያዛምታሉ፣ ሕዝብ ያነሳሳሉ ብሎ ነው። ጠመንጃ ላልያዘ ሰው እንዲህ ያለ ፍርድ የሚሰጠው አፉ ስለሚፈራ ነው።

ታዲያ የተሰጠ ግጥም ሁሉ ይዘፈናል? አይዘፈንም። ባለፉት ዓመታት ሰው በዘሩና በሃይማኖቱ የሚሰደብበት ስንኝ በየመጠጥ ቤቱ በዝቷል። እንዲህ ያለው ሲመጣ መምህሬ አይከራከሩም፣ አይቆጡም፤ አፋቸውን ዘግተው መሰንቆውን ብቻ ያስኬዱታል። ደጋኑ ከፍ ይላል፣ ዜማው ይረዝማል፣ ሌላ ሰው «ተቀበል» እስኪል ድረስ። ቃል አላገኘም ያ ስድብ። እኔም ይህን ወስጃለሁ፤ ሰውን የሚያዋርድ ስንኝ ከእኔ ጭራ አይወጣም፣ ብሩ ምንም ያህል ቢሆን። የሚያስቀይመኝን ሐሳብ ግን እቀበላለሁ። በሁለቱ መካከል ያለው ድንበር ሁልጊዜ ግልጽ ስላልሆነ ጆሮ መንቃት አለበት።

ይህ ሁሉ የዕድር ጸሐፊ ስሆን ጠቀመኝ። ሰፈራችን ፈርሶ ሰዉ ሲበተን ዕድሩ ጭንቅ ውስጥ ገባ። ጡሩምባ ነፊው ጎህ ሲቀድ ጡሩምባውን ሲነፋ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማ ነበር፤ አሁን አባላቱ በተለያየ ዳርቻ ስላሉ መርዶ የሚመጣው በቴሌግራም ግሩፕ ነው። ወጣት ስለሆንኩና ስልክ ስለምችል ጸሐፊ አደረጉኝ። የመጀመሪያው ትልቅ ስብሰባ ዕድሩ ይከፈል ወይስ አንድ ሆኖ ይቀጥል በሚል ነበር፤ ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ብረት ድስቱ ለማን ይሁን እየተባለ ጠብ ሊነሳ ጥቂት ቀርቶ ነበር።

የዕድሩን ዳኛ ፈቃድ ጠይቄ አንድ ነገር ጀመርኩ። ሰው ተናግሮ ሲጨርስ፣ ቀጣዩ ከመነሳቱ በፊት፣ ያለውን በራሱ ቃል አነብለታለሁ፤ «እንዲህ ነው ያሉት፤ ያጎደልኩት አለ?» ብዬ። ጊዜ ይፈጃል ያሉ ነበሩ። ነገር ግን አንዲት እናት ስለ ድንኳኑ ርቀት ሲናገሩ ቆይተው፣ ሁሉም የንብረት ክፍፍል የጠየቁ መስሎት ሲያጉረመርም፣ ቃላቸውን ሳነብላቸው «ልጄ፣ እኔ ድንኳን ስጡኝ አላልኩም። ስሞት ቀድሞ የሚደርስልኝ ሰው ማን ነው ነው ያልኩት» አሉ። ቤቱ ወዲያው ተለወጠ። ጥያቄው ዕቃ መሆኑ ቀረ። በየሰፈሩ ቶሎ የሚደርሱ ሰዎች ተመረጡ፣ ገንዘቡ በአንድ ካዝና ቀጠለ፣ ሁለተኛ ድንኳን እንዲገዛ ተወሰነ። ዋጋው ላይ ገና አልተስማማንም።

ሰዎች ወጣቱ በአገር ጉዳይ ላይ ድምፁን ያሰማ ይሉናል፤ እኔም ድምፅ የሌለው ወጣት አልመኝም። ግን ስብሰባ ላይ ተቀምጬ ሳይ ተናጋሪ አላጣንም፤ ያጣነው ሌላው የተናገረውን ሳያጎድል ደግሞ መናገር የሚችል ሰው ነው። ይህ ሥራ ይለመዳል። ደጋን እየጎተቱ ማዳመጥ የሚለመድ ከሆነ፣ ተቆጥቶ ተቀምጦ ማዳመጥም ይለመዳል።

አሁን ከምንኖርበት ኮንዶሚኒየም ኮሚቴ ጋር ተነጋግረን የጋራ መገልገያው ቤት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለመሰንቆ ልምምድ ተፈቅዶልናል። የሚመጡት አብዛኞቹ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው፤ መሰንቆው ስለማይበቃ በየተራ ይይዛሉ። መሰንቆ ያልያዘው ግጥም ይሰጣል፣ የያዘው ይቀበላል። ባለፈው ቅዳሜ አንዷ ስለ ውኃ መጥፋት የሰጠችውን ስንኝ የኮሚቴው ሰብሳቢ በር ላይ ቆመው ሰሙና ለስብሰባ ጻፍልኝ ብለውኛል። እሷ ራሷ መጥታ እንድትለው ነግሬያቸዋለሁ።