26 በመቶ፣ ግን ከስንት?

የጉናን ብርድ ታውቁታላችሁ? ነፋስ መውጫ ላይ ጋቢ ደርቦ መተኛት ብርቅ አይደለም። በዚያ ብርድ አንዲት የ50 ዓመት እናት ሌሊት ፊቷ ግሎ፣ ላብ አጥምቋት ብትነቃስ? ጋይንትም ይሁን ስማዳ ወይም እስቴ፣ «ምች ነው» ወይም «እርጅና ነው» ተብሎ ሊታለፍ ይችላል። ግን ማረጥ ሊሆን ይችላል። እስትሮጅን ሲቀንስ፣ አንጎል ውስጥ ያለው የሙቀት መቆጣጠሪያ ትንሹን ሙቀት እንደ ትልቅ ይቆጥረዋል።

የጎደለውን ሆርሞን በመድኃኒት መተካት ይቻላል። ታዲያ ለምን ይፈራል?

እ.ኤ.አ. በ1966 አሜሪካዊው ሐኪም ሮበርት ዊልሰን ማረጥን እንደ በሽታ ቆጥሮ፣ ሆርሞን ሴትነትን ለዘላለም ያቆያል የሚል መጽሐፍ አሳተመ። ቃሉ ከማስረጃው እጅግ የቀደመ ነበር። በ2002 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ በ16,608 ሴቶች ላይ ይካሄድ የነበረ ጥናት ከጊዜው በፊት ቆመ። «የጡት ካንሰር በ26 በመቶ ጨመረ» ተባለ፤ ብዙ ሴቶችም መድኃኒቱን ጣሉ።

እስቲ ቁጥሩን እንፍታው። 26 በመቶ ከስንት? በዓመት ከ10,000 ሴቶች መካከል፣ ሆርሞን ካልወሰዱት 30፣ ከወሰዱት 38 ሴቶች ታመሙ። ጭማሪው 8 ነው። 8 ሰው ቀላል አይደለም፤ ግን «26 በመቶ» ሲባል የሚሰማን ድንጋጤም አይደለም። የደም መርጋትና ስትሮክም ጨምረዋል፤ የዳሌ ስብራት ግን ቀንሷል።

ሌላም አለ። የተሳታፊዎቹ አማካይ ዕድሜ 63 ነበር። ጥናቱ የጠየቀውም ሆርሞኑ የልብ ሕመምንና ሌሎች ሥር የሰደዱ በሽታዎችን ይከላከል እንደሆነ እንጂ፣ ገና ያረጠችን ሴት ከላብና ከእንቅልፍ ማጣት ይገላግላት እንደሆነ አልነበረም። ዛሬ ብዙ የሕክምና መመሪያዎች ዕድሜዋ ከ60 በታች ለሆነ ወይም ካረጠች 10 ዓመት ላልሞላት፣ ምልክቱ ለጠናባት ሴት ጥቅሙ እንደሚያመዝን ይናገራሉ። የጡት ካንሰር፣ የደም መርጋት ወይም ስትሮክ ለገጠማት ግን አይመከርም።

የመጽሐፉም የዜናውም ጥፋት አንድ ነው፦ ሴቶችን ሁሉ አንድ አደረጉ። እንስራ ተሸክማ ዳገት የምትወጣውን የስማዳ እናት ሁለቱም አላሰቧትም። የኛ ዝምታም እኮ አያስባትም።

ስለዚህ እናታችሁን ጠይቋት፤ «እንቅልፍ እንዴት ነው?» በሏት። ካስቸገራት ጤና ጣቢያ ውሰዷት። በተለይ የወር አበባዋ ከቆመ ዓመት አልፎት እንደገና ደም ካየች፣ ያ ማረጥ ነው ተብሎ አይታለፍም፤ ቶሎ ትመርመር።