ኃላፊነቱ ለትምህርት ቤት፣ ሥልጣኑ ለጽሕፈት ቤት፦ የልደታ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አስተዳደር ሲፈተሽ

ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በልደታ ክፍለ ከተማ ከሚገኙ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች አንዱ ነው። ስሙን ያገኘው ዓድዋ ላይ በመድፈኝነቱ ከታወቀውና በኋላም ፋሺስት ኢጣሊያን ሲዋጋ ከወደቀው አርበኛ ነው። እንዲህ ያለውን ትምህርት ቤት የሚያስተዳድረው ማን ነው? ወረቀቱ ብዙ ባለቤት ይቆጥርለታል። በግቢው ውስጥ ርዕሰ መምህሩና ምክትሎቹ፣ የትምህርት ክፍል ኃላፊዎች፣ ዩኒት ሊደሮች፣ እንዲሁም የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት፣ በአጭሩ ወተመህ፣ አሉ። ከግቢው ውጭ ደግሞ ሱፐርቫይዘሩ፣ የክፍለ ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ የከተማው ትምህርት ቢሮና ትምህርት ሚኒስቴር ተደራርበው ተቀምጠዋል። ይህ ሁሉ ባለቤት ባለበት፣ ልጁ ዘጠነኛ ክፍል ገብቶ ማንበብ የተቸገረበት አባት አቤት የሚልበትን በር በቀላሉ አያገኝም።

ለዚህ ሁለት ምክንያት አለው ብዬ እከራከራለሁ። አንደኛ፣ ባለፉት ሠላሳ ዓመታት ያልተማከለ አስተዳደር በሚል ወደ ትምህርት ቤቱ የወረደው ኃላፊነቱ ነው፤ ሥልጣኑ ባለበት ቀርቷል። ሁለተኛው ምክንያት በልደታ ጎልቶ ይታያል። ሥልጣኑ ቢወርድ እንኳ ይቀበለዋል የተባለው የአካባቢ ኅብረተሰብ ከትምህርት ቤቱ ዙሪያ ተነስቷል።

ትምህርትን ለአካባቢው ሰው የማስረከብ ሐሳብ ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ጋር የመጣ አዲስ ነገር ተደርጎ ሲጻፍ አያለሁ። ነገሩ ግን ከዚያ ይቀድማል። በ1940 ዓ.ም. በገጠር መሬት ላይ የትምህርት ግብር ሲጣል፣ ገንዘቡ ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት እንዲውልና በየአካባቢው የትምህርት ቦርድ እንዲከታተለው ታስቦ ነበር። ግብሩና ቦርዱ አንድ ላይ መታሰባቸው ትልቅ ቁም ነገር ነው፤ ከፋዩ ተቆጣጣሪም እንዲሆን ጥርጊያውን ያበጃልና። በ1964 ዓ.ም. የተጠናቀቀው የትምህርት ዘርፍ ግምገማ በተቃራኒው የተዘጋጀው መምህራንን ከውጭ አስቀርቶ ነው። መዘዙም በየካቲት 1966 የመምህራን የሥራ ማቆም አድማ ሆኖ መጣ፤ የግምገማው ዕቅድም ተግባር ላይ ሳይውል ቀረ። ደርግ የግል ትምህርት ቤቶችን ወደ ሕዝብ ይዞታ ሲያዞር የትምህርት ቤት ኮሚቴዎችን አቋቋመ፤ ኮሚቴዎቹ ግን ከቀበሌው የፖለቲካ መዋቅር ተነጥለው የሚቆሙ አልነበሩም። ከሦስቱ ሙከራዎች የምናገኘው ትምህርት ይህ ነው፦ ገንዘብ፣ ሙያና ውክልና በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ካልተቀመጡ ቦርድ ማቋቋም ብቻውን አስተዳደርን አይለውጥም።

የ1986ቱ ፖሊሲ የትምህርት አስተዳደር ዴሞክራሲያዊና ሙያዊ እንዲሆን ደነገገ። ትምህርት ሚኒስቴር በ1994 ዓ.ም. ያወጣው የትምህርት አመራር፣ አደረጃጀት፣ የኅብረተሰብ ተሳትፎና ፋይናንስ መመሪያ ደግሞ ፖሊሲውን ወደ ዝርዝር አሠራር አወረደው። የወረዳና የቀበሌ የትምህርትና ሥልጠና ቦርዶች እንዲሁም የወላጅና መምህር ኅብረት ተግባር በዚህ መመሪያ ተዘረዘረ። ሰነዱ ዛሬም ሲነበብ ለተራ ወላጅ የሚሰጠው ቦታ ያስደንቃል። ችግሩ በተግባር ደረጃ ቆጥሮ የሰጠውን ሁሉ በውሳኔ ደረጃ አለመስጠቱ ነው። ኅብረቱ ያስተባብራል፣ ይከታተላል፣ ይመክራል፣ ይደግፋል። ርዕሰ መምህር አይሾምም፣ አያነሣም፤ መምህር አይቀጥርም፤ ደመወዝ ከሚወስደው ትልቁ በጀት ላይም ድምፅ የለውም።

የወላጆች ስብሰባ የሚካሄድበትን መንገድ የሚያውቅ ይህን በዓይኑ ያየዋል። ጥሪው በተማሪው እጅ በብጣሽ ወረቀት ይላካል፤ ቀኑ ብዙውን ጊዜ ቅዳሜ ነው። አዳራሹ ውስጥ ከአባቶች ይልቅ እናቶች፣ ከእናቶችም ቀጥሎ ታላቅ እህቶች ይበዛሉ። አጀንዳው የታወቀ ነው፦ የመንፈቀ ዓመቱ ውጤት፣ ሥነ ምግባር፣ የወላጅ ድጋፍ፣ ልዩ ልዩ። ሥነ ምግባር በሚለው ሥር ማርፈድ፣ ሞባይል ይዞ መግባት፣ የደንብ ልብስ አለመልበስና አጥር መዝለል ይነሣሉ። የትምህርት ቤቱ ዕቅድ ይቀርባል፤ የሚቀርበው ግን ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄዶ ከተመለሰ በኋላ ነው። ከኋላ አንዲት እናት ተነሥተው «የፊዚክስ መምህር ከጥቅምት ጀምሮ የለም ይላሉ ልጆቹ» ቢሉ፣ መድረኩ «ለሚመለከተው አካል አሳውቀናል» ይላል። መልሱ እውነት ነው፤ መምህር የሚመድበው ሌላ ቦታ ነውና። ቃለ ጉባኤው ግን «ቤቱ ዕቅዱን በሙሉ ድምፅ ተቀብሎታል» ብሎ ይዘጋል፤ ይፈረማል፣ ማኅተም ይመታበታል። ያ ቃለ ጉባኤ ከዚያ በኋላ የኅብረተሰብ ተሳትፎ ማስረጃ ሆኖ በፋይል ይቀመጣል።

ርዕሰ መምህሩን ለመውቀስ አይደለም ይህን የምጽፈው። እርሱ ከማንም በላይ በመካከል የተጠመደ ሰው ነው። የሚመዝነው፣ የሚያዛውረውና የሚያነሣው ከላይ ነው፤ የሚጠይቀው ከታች ነው። የቧንቧ መስመር ሲሰበር በራሱ ውሳኔ ሊያንቀሳቅስ የሚችለው ገንዘብ ጥቂት ነው። በ2001 ዓ.ም. በተጀመረው የአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማረጋገጫ ፓኬጅ በኩል የመጣው የትምህርት ቤት ድጎማ፣ ማለትም ስኩል ግራንት፣ በዚህ ረገድ ከሁሉ የተሻለ ሙከራ ነበር። ገንዘቡ በተማሪ ቁጥር ይሰላል፤ ትምህርት ቤቱ ከመሻሻል ዕቅዱ ጋር አያይዞ፣ ወላጆች በተወከሉበት አካል አስወስኖ ያወጣዋል። መጠኑ ትንሽ ቢሆንም ወላጅ ስለ ወጪ የሚጠይቅበትን ልማድ ጀምሮ ነበር። የፖሊሲ አውጪዎች ትኩረት እዚያ ላይ አለመሰንበቱ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከዚያ ይልቅ የሰፋው ቁጥጥሩ ነው። ትምህርት ቤቶች በኢንስፔክሽን 26 ስታንዳርዶች ይመዘናሉ፤ ስታንዳርዶቹ በግብዓት፣ በሂደትና በውጤት ተከፍለው ትምህርት ቤቱን ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 4 ያስቀምጡታል። መለኪያ መኖሩ ተገቢ ነው። ነገር ግን ከግብዓቱ ብዙው፣ ማለትም ሕንፃው፣ ቤተ ሙከራው፣ የመምህር ምደባው፣ በትምህርት ቤቱ እጅ አይደለም። ደረጃ 2 ያገኘ ርዕሰ መምህር የሚጠየቀው ራሱ ባልወሰነው ነገር ነው። ውጤቱ ምን ያህል ወላጅ ዘንድ በሚገባ ቋንቋ ደረሰ የሚለው ጥያቄም ከመለኪያው ያነሰ ጉዳይ አይደለም።

የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ሲጀምር ይህ ተጠያቂነት ወዴት እንደሚፈስ ቁልጭ ብሎ ታየ። በዚያ ዓመት ከተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ ነበሩ። በ2015 አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከ1,300 በላይ መሆናቸውን ሚኒስቴሩ ይፋ አደረገ። ኩረጃን ለማስቆም የተወሰደው እርምጃ ትክክል ነበር፤ እውነቱን ማወቅ ከሐሰተኛ ውጤት ይሻላል። ሆኖም እውነቱ ከወጣ በኋላ የሆነው፣ ሚኒስቴር ቢሮን፣ ቢሮ ክፍለ ከተማን፣ ክፍለ ከተማ ርዕሰ መምህርን፣ ርዕሰ መምህር መምህርን መገምገሙ ነው። ወላጅ በዚህ ሰንሰለት ውስጥ አልነበረም። ከፍተኛ ውጤት ባላቸው ዓመታትም አልነበረም።

አሁን ወደ ልደታ መልክዓ ምድር እንምጣ፤ ዋናው ጉዳይ እዚህ ነውና። የ1994ቱ መመሪያ በዝምታ የሚወስደው አንድ ግምት አለ፦ ተማሪው፣ ወላጁና ትምህርት ቤቱ በአንድ ቀበሌ ይኖራሉ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የልደታ መልሶ ማልማት ሲካሄድ በርካታ የቀበሌ ቤት ነዋሪዎች ከከተማዋ ዳር ወደተሠሩ ኮንዶሚኒየሞች ሄዱ። ሰንጋተራ የ40/60 የቁጠባ ቤት ሕንፃዎች ቆሙ፤ በ2008 ዓ.ም. የቀላል ባቡሩ አገልግሎት በልደታ በኩል ማለፍ ጀመረ፤ በቅርብ ዓመታት ደግሞ የኮሪደር ልማቱ ሌላ ዙር መነሣት አመጣ። የሄዱት ቤተሰቦች ሁሉ ልጆቻቸውን ከትምህርት ቤቱ አላወጡም። ጀሞ ተዛውሮ ልጁን ልደታ የሚያስተምር አለ፤ በታክሲና በባቡር አቆራርጦ የሚመጣ ተማሪ ለመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሲያረፍድ፣ ያ በስብሰባው «የሥነ ምግባር ችግር» ተብሎ ይመዘገባል። አዲስ ከገቡት የአፓርታማ ነዋሪዎች መካከል ደግሞ አቅሙ ያለው ልጁን የግል ትምህርት ቤት ይልካል። ስለዚህ በወረዳው የሚኖረው ልጁን እዚያ የማያስተምር፣ ልጁን የሚያስተምረው በወረዳው የማይኖር ይሆናል።

ውክልና በመኖሪያ ሲሰፈር ይህ ሕዝብ የትም አይቆጠርም። ጀሞ ያለው አባት በልደታ ወረዳ መድረክ ነዋሪ አይደለም፤ በራሱ ወረዳ ደግሞ ልጁ የሚማርበት ትምህርት ቤት አጀንዳ አይሆንም። የወረዳ ምክር ቤት ምርጫም ቢሆን ተቋርጦ የቆየ ነገር ነው፤ በአዲስ አበባ የአካባቢ ምርጫ የተካሄደው በሚያዝያ 2005 ሲሆን በ2013ቱ ምርጫ የከተማዋ ነዋሪ የመረጠው የከተማውን ምክር ቤት ነው። ለትምህርት ቤቱ ቅርብ ነው የሚባለው እርከን ለመራጩ እንዲህ ከራቀ፣ ወተመህ ብቻውን የሚሸከመው ሸክም ይገባናል።

ሌላው ዓለም ይህን በተለያየ መንገድ ፈትቶታል። በአሜሪካ በብዙ ቦታ የትምህርት ቤት ቦርድ በነዋሪው ይመረጣል፣ ከአካባቢው የንብረት ግብርም ይተዳደራል። ያንን ለአዲስ አበባ አልመኝም፤ ሀብታም ሰፈር ሀብታም ትምህርት ቤት፣ ደሀ ሰፈር ደሀ ትምህርት ቤት ያወጣልና። እንግሊዝ በ1988 እ.ኤ.አ. ባወጣችው የትምህርት ማሻሻያ ሕግ የሄደችበት መንገድ ለእኛ ይቀርባል፦ ገንዘቡ ከመንግሥት ይመጣል፣ አወጣጡ ግን ወላጆችና መምህራን ለተወከሉበት የትምህርት ቤቱ አስተዳደር አካል ተሰጠ፤ ርዕሰ መምህር በመምረጥም ይኸው አካል ዋና ድምፅ አገኘ።

ከዚህ ተነሥቼ የማቀርበው ሐሳብ ከባድ ሕግ አይፈልግም። የወተመህ አባልነት በመኖሪያ ሳይሆን በተማሪ ምዝገባ ይሁን፤ ከጀሞም ይምጣ ከቱሉ ዲምቱ፣ ልጁ በመዝገቡ ላይ ያለ ወላጅ ይምረጥ፣ ይመረጥ። ስብሰባውም የራቀውን ወላጅ ሰዓት ያስላ። የርዕሰ መምህሩ ምዘና ላይ ኅብረቱ የሚቆጠር ነጥብ ይኑረው፤ ዝውውሩም ቢያንስ ኅብረቱ ሳይሰማ አይፈጸም። ዕቅዱ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ከመሄዱ በፊት ለወላጅ ይቅረብ። የሥራ ማስኬጃው፣ ድጎማውና የውስጥ ገቢው በየመንፈቁ በግቢው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በብር ይለጠፍ፤ ከጎኑም የጎደሉ መምህራን ቁጥርና ጽሕፈት ቤቱ ለመተካት ቃል የገባበት ቀን ይጻፍ።