መልሕቁ ከውኃ በታች ነው
ስለ ዲናው መንግሥቱ ተራኪ የቀረበ አጭር ሐተታ

አንድ ልብ ወለድ ማንበብ ስንጀምር፣ ሳናስበውም ቢሆን፣ አስቀድመን የምንጠይቀው ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ይህን የሚነግረን ሰው ማን ነው? የቆመውስ የት ነው?» የሚለው ነው። ተረት የሚነግሩን አያት ከምድጃው አጠገብ መቀመጣቸውን እናውቃለን። ዜና መዋዕል የሚጽፈውም ጸሐፊ በማን አደባባይ ቆሞ እንደሚናገር አይጠፋንም። ተናጋሪው የቆመበትን ስፍራ ካወቅን ነገሩን የምንለካበት ሚዛን እናገኛለን፤ ካላወቅን ግን ቅር ይለናል፤ ቅር ማለታችንንም ብዙ ጊዜ የመጽሐፉ ጉድለት አድርገን እንቈጥረዋለን። በዚህ ሐተታ ለማሳየት የምንሞክረው እንዲህ ያለው ፍርድ እኛን ራሳችንን እንዴት እንዳሳሳተን ነው።

መጽሐፉ ዲናው መንግሥቱ በእንግሊዝኛ ጽፎ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2007 ያሳተመው የመጀመሪያ ልብ ወለድ ነው። አርእስቱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ሰማይ የያዛቸው ውብ ነገሮች» እንደ ማለት ይሆናል፤ የተወሰደውም ዳንቴ ስለ ሲኦል ከጻፈው ግጥም መጨረሻ ነው። ደራሲው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1978 አዲስ አበባ ተወልዶ፣ ገና የሁለት ዓመት ሕፃን ሳለ ወደ አሜሪካ የሄደ ነው።

መጽሐፉን ያነበብነው ለጥናት ወደ ጋምቤላ ሄደን በነበረበት ሰሞን ነው። አራት ተማሪዎች ስንሆን በእጃችን የነበረው አንድ ቅጂ ብቻ ስለ ነበር፣ አንዱ ጮኽ ብሎ ሲያነብ ሌሎቻችን እናዳምጥ ነበር። የመጨረሻዎቹን ምዕራፎች የፈጸምነው ከከተማው ወጣ ብሎ በሚገኘው በጋምቤላ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። በዝናብ ምክንያት አውሮፕላኑ ዘግይቶ ስለ ነበር ለማንበብም ለመከራከርም በቂ ጊዜ አገኘን።

የታሪኩ ባለቤትና ተራኪ ሴፋ እስጢፋኖስ ይባላል። በወጣትነቱ ከአዲስ አበባ ሸሽቶ፣ በዋሽንግተን ከተማ ሎጋን ሰርክል በሚባለው ድኻ ሰፈር ትንሽ ሱቅ ከፍቶ ይኖራል። ከአገሩ ከወጣ 17 ዓመት ሆኖታል። ሁለት ወዳጆች አሉት፤ ጆሴፍ የኮንጎ ሰው ነው፣ ኬኔት የኬንያ። ሦስቱ ሲገናኙ ከሱቁ ግድግዳ ላይ በተሰቀለው የአፍሪካ ካርታ ፊት እየጠጡ፣ አንዱ የአንድ አምባገነን ስም ሲጠራ ሌላው አገሩንና ሥልጣን የያዘበትን ዓመት መናገር ያለበትን ጨዋታ ይጫወታሉ። ጁዲት የምትባል ነጭ መምህርት አሮጌ ቤት አሳድሳ ከናኦሚ ልጇ ጋር ወደ ሰፈሩ ትመጣለች። ሴፋ ከእናትና ልጅ ጋር ይወዳጃል፤ ከናኦሚም ጋር በሱቁ ውስጥ የዶስቶየቭስኪን «የካራማዞቭ ወንድማማቾች» ያነባል። ኋላ ግን የሰፈሩ ድኾች ከየቤታቸው መባረር ሲጀምሩ ቁጣ ይነሣል፤ የጁዲትም ቤት ይቃጠላል። ከዚህ ታሪክ ጐን ለጐን የሚሄድ ሌላ ክር አለ፤ ሴፋ አንድ ቀን ሱቁን ክፍት ትቶ፣ ወደ ሱቁ የገቡትን ሁለት አገር ጐብኚዎች ተከትሎ ከተማይቱን ያለ ዓላማ ሲዞር ይውላል።

የመጀመሪያው ፍርዳችን ጠንካራ ነበር። ተራኪው ምንም አይሠራም፤ ነገር ሁሉ በእርሱ ላይ ይደርሳል እንጂ እርሱ በነገር ላይ አይደርስም አልን። ጁዲትን ይወዳል፤ ግን አይናገርም። ሱቁ እየከሰረ መሄዱን ያያል፤ ግን አያድነውም፣ አይዘጋውምም። ከእኛ አንዱ «ይህ ሰው መልሕቅ የሌለው ጀልባ ነው፤ ደራሲውም ቀዛፊ ሳይሰጠው ለቀቀው» ሲል ሌሎቻችን ተስማማን። በልጅነት ትምህርታችን የለመድነው ልብ ወለድ ባለታሪኩ ተነሥቶ፣ ታግሎ፣ ወይ ድል አድርጎ ወይ ወድቆ የሚፈጸም ስለ ሆነ፣ ለዚህ ዓይነቱ ሰው ትዕግሥት አልነበረንም።

ሆኖም በማረፊያው ተቀምጠን ሳለ ይህን ፍርድ የሚያናጋ ነገር ከእጃችን ላይ አገኘን። በጉዞ ትኬት ላይ ሁለት የቦታ ስሞች ይጻፋሉ፤ አንዱ መነሻው፣ ሁለተኛው መድረሻው ነው። ከእኛ ጋር የሚጠብቁት ሁሉ፣ ነጋዴውም፣ በሽተኛ ይዞ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደውም፣ ሁለቱን ስሞች በእጃቸው ይዘዋል። ሴፋ ግን በ17 ዓመት ውስጥ የመድረሻውን ስም አልጻፈም። ይህን ስንነጋገር «እንግዲያስ የመነሻውን ስም አጥብቆ የያዘው ለምንድን ነው?» የሚል ጥያቄ ተነሣ። መልሱን ፍለጋ ወደ መጽሐፉ መካከል ተመለስን።

በዚያ የምናገኘው ነገር ይህ ነው። በቀይ ሽብር ዘመን ወታደሮች ከሴፋ ወላጆች ቤት ይገባሉ። የተገኘው የትግል ወረቀት የልጁ የሴፋ ነው። አባትየው ግን ወረቀቱ የራሳቸው እንደ ሆነ ተናግረው ይወሰዳሉ፤ በዚያውም ይሞታሉ። ተራኪው ይህን በመጽሐፉ መጀመሪያ አይነግረንም፤ ከነገረንም በኋላ ብዙ አያብራራውም። ነገር ግን ይህን ካወቅን በኋላ ከፊት ያነበብነው ሁሉ መልኩን ይለውጣል። ሱቁን ለማሳደግ ያልቻለው ሰነፍ ስለ ሆነ አይደለም፤ አባቱ በሰጡት ሕይወት ባለጸጋ መሆንን እንደ ድፍረት ስለሚቈጥረው ይመስለናል። ለጁዲት ያልተናገረውም አንድ ጊዜ ስለ እርሱ ቤት ፈርሷልና ሁለተኛ ቤት ለመሥራት እጁ ስለማይታዘዝለት ነው። ያለ ዓላማ በሚዞርበትም ቀን በልቡ ከአባቱ ጋር ይነጋገራል እንጂ ብቻውን አይደለም።

በጋምቤላ በሰነበትንበት ጊዜ በባሮ ዳር ከግንድ የተቦረቦሩ ታንኳዎችን አይተን ነበር። ባለቤቱ ታንኳውን በገመድ ከካስማ ያስረዋል፤ ውኃው ወደዚህ ሲገፋው ወደዚህ፣ ወደዚያ ሲገፋው ወደዚያ ይዞራል። ገመዱ በውኃ ውስጥ ስለሚያልፍ ከሩቅ ለሚያይ ሰው የተለቀቀ ይመስላል። ባሮ ራሱም የመርከብ መንገድ ነበር፤ ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በአውሮፓ አቆጣጠር በ1902 ባደረጉት ውል መሠረት ጋምቤላ የንግድ ጣቢያ ሆና፣ ወንዙ በክረምት ሲሞላ መርከቦች ከሱዳን እየመጡ ቡና ይጭኑባት ነበር። በዚህ አገር መልሕቅና ገመድ ምን እንደ ሆኑ ለማወቅ ባሕር ድረስ መሄድ አያስፈልግም።

ስለዚህ የመጀመሪያውን ቃላችንን እናርማለን። ሴፋ እስጢፋኖስ መልሕቅ የሌለው ሰው አይደለም፤ መልሕቁ ከውኃ በታች ያለ ሰው ነው። መንሳፈፉ እውነት ነው፤ ግን የሚንሳፈፈው በአንድ ነጥብ ዙሪያ ነው፤ ያም ነጥብ አዲስ አበባ ያለው የአባቱ ቤት ነው። የድርሰቱ አሠራርም ይህን ይከተላል። ታሪኩ ወደ ፊት እየሄደ ሳለ ሁለተኛው ክር ሁልጊዜ ወደ ኋላ ይስበዋል፤ ሦስቱ ወዳጆችም ስለ አምባገነኖች ሲጫወቱ ከአህጉራቸው ርቀው የሄዱ ይመስላሉ እንጂ ከካርታው ፊት አልተነሡም። ብርሃነ ሥላሴ የተባሉት የሴፋ አጎት ለአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች የጻፏቸው ደብዳቤዎችም የዚሁ ገመድ ሌላ ጫፍ ናቸው።

ይህን ስንል መጽሐፉ ነቀፋ የለበትም ማለታችን አይደለም። አንደኛ፣ የተራኪው ዝምታ ለራሱ ኅዘን የሚስማማውን ያህል ለሰፈሩ ሰዎች አይስማማም። ከቤታቸው የሚባረሩት ድኾች ደንበኞቹ ናቸው፤ እርሱ ግን ከሱቁ መስኮት ያያቸዋል፣ ደራሲውም እንዲያልፋቸው ይፈቅድለታል። የራሱ ቤት በኀይል የተደፈረበት ሰው የሌላውን መባረር ሲያይ ከዚህ የበለጠ ሊጨነቅ ይገባው ነበር። ሁለተኛ፣ ጁዲት በገዛ ዐሳቧ የምትንቀሳቀስ ሴት ከመሆን ይልቅ የሴፋን ብቸኝነት ለመግለጥ የቆመች መስታወት የምትሆንበት ጊዜ ይበዛል። ሦስተኛ፣ አዲስ አበባ በመጽሐፉ ውስጥ የምትታየው እንደ ቁስል ነው እንጂ እንደ ከተማ አይደለም። ይህ የመጨረሻው ግን ከተራኪው ሁኔታ የመጣ ስለ ሆነ እንደ ነቀፋም እንደ ምስጋናም ሊቈጠር ይችላል።

ነገሩን ከሥነ ጽሑፍ ክፍል ውጭም እንድናስበው ያደረገን ቦታው ነው። ጋምቤላ ከጦርነት ሸሽተው ከደቡብ ሱዳን የመጡ እጅግ ብዙ ሰዎች የተጠለሉባት አገር ናት። በአውሮፕላን ማረፊያውም ሆነ በከተማው መንገድ ላይ፣ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ወይም ወዲያና ወዲህ የሚል ሰው ስናይ «ይህስ መድረሻ የሌለው ነው» ለማለት እንቸኩላለን። በሴፋ ላይ የፈረድነውም በዚሁ ችኮላ ነው። ልዩነቱ፣ ለሴፋ ገመዱን የሚያሳየን ገጽ ተጽፎለታል፤ ብዙዎቹ ግን እንዲህ ያለ ገጽ የላቸውም።

ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ተማሪዎች ይህን መጽሐፍ ሲያነቡ እንደ እኛ በመጀመሪያ ቢሰለቹ አይፍረዱበት፤ አንብበው ከጨረሱ በኋላ ወደ መጀመሪያው ምዕራፍ ይመለሱ። እኛም አውሮፕላኑ መጣ ተብሎ በተጠራን ጊዜ ከመጀመሪያው ገጽ ላይ ነበርን።