ብዕር ነጠፈ ወይስ ፈራ?

«ብዕሬ ነጠፈች» የምትል ስሞታ በየዶርሙ ትሰማለች። እኔም ብያታለሁ። አንድ አጭር ልብ ወለድ ይዤ ሦስት ሳምንት ተቀመጥኩ፤ ገጸ ባሕርዬ ሻይ ቤት ገብታ አፏን በከፈተች ቁጥር የሚወጣው የሬዲዮ ዜና ሆነብኝ። እስቲ ማን ነው ሻይ ቤት ውስጥ እንዲያ የሚያወራ?

ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር በ«ሌቱም አይነጋልኝ» የውቤ በረሃን ሰዎች እንዳፋቸው አናገራቸው። የተዘጋበት ማተሚያ ቤቱ እንጂ ብዕሩ አልነበረም፤ ድርሰቱ ሙሉውን እስኪታተም አሥርተ ዓመታት በእጅ ጽሑፍ ሲዞር ኖረ። እውነተኛ ቃል ዋጋ ያስከፍላል። የኛ ብዕር የሚነጥፈው ይህን ዋጋ ገና ሳንጠየቅ ስለምንፈራው ይመስለኛል። መምህሩ ምን ይላል? ጓደኛ ይስቅብኝ ይሆን?

ታዲያ ነውር ቃል የደረደረ ሁሉ ስብሐትን አይሆንም። እሱም ሌላ ብድር ነው! ከሱ የምንወርሰው ስድቡን ሳይሆን ጆሮውን ነው።

ትናንት ገጸ ባሕርዬን እንደገና ሻይ ቤት አስገብቼ ዝም ብዬ ሰማኋት። «ስኳሩን ቀንሺልኝ ብዬሽ አልነበር?» አለች። አንድ መስመር ብቻ ናት፤ ግን የራሷ ናት።