ከሐውልቱ በፊት ጓሮው

ዕረፍቱን ከሀገሩ ወጥቶ ሊያሳልፍ የመጣ መንገደኛ ብቻውን ሲሆን ምሪቱ ቀላል ነው፤ ዐይኑ ወዴት እንዳዘነበለ አይቶ መከተል ነው። ባልና ሚስት ሲሆኑ ግን፣ አንድ ሥጋ ናቸው ቢባልም ቅሉ፣ አንዱ ድንጋይ ሊመረምር ሌላው ገበያ ሊውል፣ አንዱ ሊጠይቅ ሌላው ዝም ብሎ ሊቀመጥ የመጡ ሁለት ሰዎች ስለ ሆኑ፣ በዲላና በጌዴኦ ምድር የአስጎብኚነትን ሥራ ይዤ ስኖር ከሁሉ ይልቅ ያስቸገረኝም ያስተማረኝም የእነዚህ ጥንዶች የአንድ ቀን ውሎ ነው። ሙያችን ከአንደበት ይልቅ የቀኑን ሥርዓት በማበጀት ላይ የቆመ መሆኑን ያወቅሁትም ከዚሁ ነው።

ዲላ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የተቆረቆረች የቡና ከተማ ናት። እንግዶቻችን ቀድሞ የሚመጡት ወይ የይርጋ ጨፌን ስም በባሕር ማዶ የቡና ከረጢት ላይ አንብበው፣ ወይ የቱቱ ፈላንና የጨልባ ቱቲቲን ትክል ድንጋዮች ወሬ ሰምተው ነበር፤ በመስከረም 2016 ዓ.ም. የጌዴኦ ባህላዊ መልክዐ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ከተጻፈ ወዲህ ደግሞ መዝገቡን ራሱን ምክንያት አድርገው የሚመጡ ተጨምረዋል። ሁሉም በማለዳ ወደ ድንጋዩ ውሰደን ይላሉ። ብዙዎቹ የሙያ ባልደረቦቼም፣ የጧት ፀሐይ አግድም ስትወድቅ ቅርጹ ጎልቶ ለፎቶግራፍ ይመቻል ሲሉ ይወስዷቸዋል። እኔ አልወስድም። የቀትር በኋላ ፀሐይም ታጋድላለችና።

ምክንያቴ ግን የብርሃን ጉዳይ አይደለም። መዝገቡ የተቀበለው ድንጋዩን ብቻ ሳይሆን ድንጋዩ የቆመበትን ሕያው ዐፀድ፣ እርሻውን፣ በሥርዓተ አምልኮ የተከበሩትን ደኖችና ይህን ሁሉ የሚጠብቁትን አረጋውያን ጭምር ነው፤ ጓሮውን ሳያይ ሐውልቱን አይቶ የሚመለስ እንግዳ ከመቃብር ደርሶ ወደ ሐዘኑ ቤት ሳይገባ እንደ ቀረ ለቀስተኛ ነው።

ስለዚህ ጧት ከዲላ ተነሥተን በወናጎ በኩል ስናልፍ፣ ከጎዳናው ገባ ብሎ በሚገኝ፣ ባለቤቱን አስቀድሜ ባስፈቀድሁበት የገበሬ ማሳ መኪናውን አስቆማለሁ። ትምህርት አልሰጥም። የማዝዘው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፀሐይ በቀጥታ አፈሩን የነካችበትን ስፍራ ፈልጉልኝ እላቸዋለሁ። ሚስት በአንድ በኩል፣ ባል በሌላ በኩል እያጎነበሱ ሲፈልጉ፣ ከላይ የዋንዛው፣ የብርብራውና የኮርቹ ጥላ፣ ከዚያ በታች ሰፊው የእንሰት ቅጠል፣ ከእንሰቱ ሥር ቡናው፣ ከቡናው ሥር ጎመኑና ሌላው አትክልት እርስ በርሱ ተደራርቦ ያገኙታል፤ ከ1300 ሜትር ያህል ተነሥቶ 3000 ሜትር ያህል በሚደርሰው በዚህ ገደላማ ምድር ላይ መሬቱ ራቁቱን ቢቀር አንድ ክረምት አፈሩን ጠርጎ ወደ ስምጥ ሸለቆው እንደሚያወርደው፣ ይህ ጥላ ግን ብዙ ሕዝብ እየመገበ ዳገቱን ይዞ እንደ ኖረ ያን ጊዜ ሳልናገር ይገባቸዋል። ብርሃን ያረፈባት አንዲት መዳፍ የምታህል ስፍራ ያገኘ እንደ ሆነ አሸነፍሁ ብሎ ይጠራኛል፤ ጠጋ ብለን ስናያት ብዙ ጊዜ ትናንት ቅጠል የተቆረጠባት ናት።

በጓሮው እንሰት የሚፍቁ እናት ካጋጠሙን ቀኑ ሠመረ። ካሜራ ከመነሣቱ በፊት በጌዴኡፋ እጅ ነሥቼ፣ እንግዶች ይዤ መጥቻለሁ፣ ቢፈቅዱልን ሥራዎን እናይ ነበር፣ ብዬ እለምናለሁ፤ እሺ ካሉ እናያለን፣ ፊታቸው ካላዘነበለ አመስግነን እናልፋለን። ሳንቃው ጋደል ብሎ ቆሟል፤ እናት መሬት ተቀምጠው የእንሰቱን ቅርፊት በአንድ እግራቸው ከሳንቃው ላይ አጣብቀው ይይዙና በቀርከሃ ፍልጭ ከላይ ወደ ታች ይፍቁታል፤ ነጩ ጭማቂ ወደ ታች ይወርዳል፣ ቃጫው ከእጃቸው ይቀራል። ጭማቂው ረግቶ ቡላ ይሆናል፤ የተፋቀው በእንሰት ቅጠል በተነጠፈ ጉድጓድ ተቀብሮ ከከረመ በኋላ ቆጮ ይሆናል። ሚስት ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ተቀምጣ መነሣት እንቢ ትላለች፤ ባል ሰዓቱን ያያል። እኔም ሰዓቱን አያለሁ፣ ግን አልናገርም።

ምሳውን ከዚህ ጋር አያይዘዋለሁ፤ በጧት ያዩት ተክል በቀትር ከአፋቸው ሲገባ የማስረዳቱ ድካም ግማሹ ይቀርልኛልና። በዚህ ላይ ብዙ አስጎብኚ የሚሠራው ነገር አይጥመኝም፤ ቆጮውን እንደ ፈተና አቅርቦ እንግዳው ፊቱን ሲያኮማትር ለመሳቅ ይጠብቃል። የኮመጠጠ ሽታ ያልለመደ አፍንጫ ጥፋት የለበትም። ለጀማሪ ቡላ ነው የሚሻለው፤ የቡላ ገንፎ ቅቤ ፈስሶበት ሲቀርብ የማይወድ ገና አላየሁም። ቆጮው ከዚያ በኋላ፣ ገና ከምጣዱ ሲወርድ፣ በጎመን ይመጣል። የዲላ አናናስ ይከተላል፤ በእርሱ ላይ ማንም ተከራክሮ አያውቅም።

ከምሳ በኋላ ወደ ደጋው ወጥተን ቱቱ ፈላ እንደርሳለን። 300 ያህል ትክል ድንጋዮች ከሥሩ መቃብር ባለበት የድንጋይ ቁልል ላይ ቆመዋል፤ አንዳንዱ የሰው ፊት፣ ዐይንና አፍ ተቀርጾበታል፣ አንዳንዱ ደግሞ በኀፍረተ ሥጋ አምሳል የተጠረበ ነው። ይህን የኋለኛውን የትኛው አስጎብኚ በምን ቃል ይናገረው? ባልና ሚስት ተያይተው ሲስቁ አብሬ አልሥቅም፣ አልቆጣምም፤ ፈረንሳዊው የጥንታዊ ታሪክ ተመራማሪ ሮዤ ዡሶም በዚህ ስፍራ ቆፍሮ እንዳስረዳው፣ ከእነዚህ አንዳንዶቹ በኋላ ዘመን ሰዎች ተመልሰው የሰው መልክ እንደ ተቀረጸባቸው አሳያቸዋለሁ። በድሮው ጥርብ ላይ አዲሱን ፊት በጣታቸው መከተል ሲጀምሩ (ሳይነኩ፣ በአየር ላይ ብቻ) ሣቁ በራሱ ጊዜ ያልቃል።

ስለ ዘመኑ ሲጠይቁኝ የቤተ ክርስቲያን መምህራን መጽሐፍ ሲተረጕሙ የሚይዙትን መንገድ እይዛለሁ፤ አንድም እንዲህ፣ አንድም እንዲያ። አንድም፣ የቀድሞ ሊቃውንት ትክል ድንጋዮቹን ከአንድ ሺህ ዓመት ያልበለጠ ዕድሜ ይሰጧቸው ነበር፤ አንድም፣ በሳካሮ ሶዶ የተደረገውና በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት እስከ አንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን ድረስ ወደ ኋላ ወስዷቸዋል፤ አንድም፣ አረጋውያኑ ስለ ዓመቱ ቍጥር ሳይጨነቁ ስፍራውን አክብረው ጠብቀዋል። ሦስቱን አስቀምጬ ዝም እላለሁ። አንዱ በድንጋዮቹ መካከል እየዞረ ይቈጥራል፣ ሌላው ራቅ ብሎ ከጠባቂው አጠገብ ይቀመጣል፤ ላገናኛቸው አልሞክርም። በመመለሻው መንገድ አንዳቸው ያላዩትን ለሌላው ሲተርኩ እኔና ሾፌሩ ከፊት ተቀምጠን እናዳምጣለን፤ ከእኔ ንግግር የተሻለው ትርጓሜ የተነገረው ብዙ ጊዜ ከኋላ ወንበር ነው።

የቀረው ገበያው ነው። ለወጪ ንግድ የሚዘጋጀው ቡና አብዛኛው በኪሻ ተጭኖ ከአገሩ ስለሚወጣ፣ ሱቅ የሚያገኙት ሁልጊዜ ያ በከረጢት ላይ ያነበቡት እንዳልሆነ አስቀድሜ እነግራቸዋለሁ። ቀጥሎ ጥሬውን ከመዳፋቸው ላይ አፍስሼ፣ የጠቆረውን፣ የነቀዘውንና የተሰበረውን እንዲለቅሙ፣ መልኩ እኩል መሆኑን እንዲያዩ፣ ሻጋታ ሻጋታ የሚል ካለ እንዲያሸቱ አሳያለሁ። ከዚያ በኋላ ከሱቁ ወጥቼ ደጅ እቆማለሁ። ከሻጭ ኮሚሽን የሚቀበል አስጎብኚ ምላሱን ሸጧል፤ የእኔ ዋጋ በጧት ከእንግዶቹ ጋር የተቆረጠ ስለ ሆነ ውድ ነው ወይስ ርካሽ ብለው ሲጠይቁኝ ያለ እፍረት እመልሳለሁ።

ዋጋው ሲያልቅ ክርክሩ ወደ ሚዛኑ ይዞራል። ባል አምስት ኪሎ ይላል፣ ሚስት ሁለት ይበቃል ትላለች፤ አንዳንዴም ተገላቢጦሽ ነው። እኔ የአውሮፕላኑን የሻንጣ ልክ እንዲያስቡ ብቻ አሳስቤ ከነገሩ እወጣለሁ። ሻጩ ግን አይወጣም፤ ሚዛኑን በአንድ እጁ እንደ ያዘ፣ ቋንቋቸውን ሳያውቅ፣ ከሁለቱ ማን እንደሚረታ ከእኔ ቀድሞ ዐውቆ ማፈስ ይጀምራል።